ስልክ ላይ ያልነገርኩሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሰናይት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬ፣ ልጆቹ፣ ዳዊት እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረው፤ ይህን የምታደርስልሽ ሴት ነገ ማታ ትበራለች፣ እኔም ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ።

የአንቺና የልጆቹ የአሜሪካ ቪዛ ወጣ ብለሽ ከደወልሽልኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እልል ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ጠፋሁ። እሑድ ዕለት «ደስ አላለሽም እንዴ?» ብለሽ የጻፍሽውን አይቼዋለሁ። ደስማ ብሎኛል። ግን እማዬን ምን ብዬ እንደማናግራት ጠፋኝ። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ከፍተሽ ሁሉም መሀል ነው የምታስቀምጪው፤ እሷ እየሰማች ስለ እሷ እንዴት ላውራ? ስለዚህ ጻፍኩት። ብቻሽን አንብቢው። ቢታንያ ፊደል ለይታለች ብለሽኛል፤ እሷም እጅ እንዳይገባ።

የላክሁት 500 ዶላር ደርሶሽ ይሆናል። 300ው ለዳዊት ሠርግ፣ 200ው ለአንቺ መንገድ ነው። አነሰ የሚል ካለ ይህንን ንገሪልኝ፦ ቪዛ ከወጣ በኋላ የሚከፈለው የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ክፍያ በሰው 235 ዶላር ነው፤ ለሕፃን ተብሎም አይቀነስም። የሦስታችሁን 705 ዶላር እዚህ ካለው ባልሽ ጋር ተካፍለን ከፍለናል። ደረሰኙን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፣ አሳትመሽ ያዢው። እስኪከፈል ድረስ የመኖሪያ ካርዱን አያትሙም፤ ካርዱም በፖስታ እቤታችሁ ድረስ የሚመጣው ከገባችሁ በኋላ ነው።

የምትበሩበትን ቀን በተመለከተ ሰኞ የካቲት 3 ይሁን። የዳዊት ሠርግ ጥር 18 እሑድ ነው፤ መልሱም ቅልቅሉም አልቆ ጥቂት ቀን ታርፊያለሽ። ናሆም የካቲት 11 ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ከሞላው በኋላ ከተሳፈራችሁ የራሱ ወንበር የግድ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የአዋቂውን ዋጋ አንድ አሥረኛ ገደማ ከፍሎ እቅፍሽ ውስጥ ይመጣል። ቪዛው ደግሞ የሚቆጠረው ኤምባሲ ከገባችሁበት ቀን ሳይሆን ሜዲካል (ለቪዛው የሚደረገው የጤና ምርመራ) ከተደረገበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር። እናንተ የታያችሁት መስከረም 22 ስለሆነ መጋቢት ሃያዎቹ ውስጥ ያበቃል ማለት ነው፤ ለማንኛውም ቪዛው ላይ የታተመውን ቀን እይው። ጫፍ ድረስ አትጎትቺው። አንዱ ልጅ ትኩሳት ቢይዘው ትኬት ማዛወሪያ ጊዜ ያስፈልግሻል።

እማዬ «ፋሲካን አብረን ውለን» ማለቷን ሰምቻለሁ። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነው፣ ቪዛው አይደርስም። ይህን እኔ እነግራታለሁ። ሁሉንም ለአንቺ መተዌ ይበቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ። እስከ የካቲት 3 ድረስ 12 ሳምንት አለሽ፤ በነዚህ ሳምንታት ጎረቤቱ ሁሉ ምክር ይዞ ይመጣል፦ ጡት አስጥይው፣ ፖፖ አስለምጂው፣ እሷን በእንግሊዝኛ አናግሪያት። አንዱንም አትስሚ። ልጅ ቤቱ ሊለወጥበት ሲል ሌላ የሚለወጥ ነገር አይጨመርበትም። ናሆም ጡቱን እንደያዘ ይምጣ። እሬት የምትቀቢበት ጊዜ ይደርሳል፤ እዚህ ገብቶ እንቅልፉ ሲስተካከል፣ ሁለት ሦስት ወር ቆይተሽ ትጀምሪያለሽ። ጡቱ ለመንገዱም መድኃኒት ነው። አውሮፕላን ሲነሣ፣ ይበልጡን ደግሞ ሊያርፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር የልጅ ጆሮ ይደፈናል፤ የሚከፍተው መዋጥ ነው። ያኔ ከተኛ ቀስቅሰሽ አጥቢው። ለቢታንያ ከረሜላ ወይም በትንሽ በትንሹ የምትጎነጨው ውሃ ይበቃታል። ፖፖውንም ተይው፤ አሁን ቢለምድም ከ15 ሰዓት በላይ በሚፈጅ በረራ ላይ ይረሳዋል፣ አንቺ ትቆጪዋለሽ፣ እሱም ያፍራል።

ቢታንያ ከእማዬ ጋር እንደምትተኛ አውቃለሁ። እሷን በአንድ ሌሊት አትለያት። ከገና በኋላ በሳምንት አንድ ሌሊት አንቺ ጋ ትተኛ፣ ከጥምቀት በኋላ ሁለት፣ ከሠርጉ በኋላ አንድ ቀን እዚያ አንድ ቀን እዚህ። እዚህ ስትመጣ ሌሊት የምትፈልገው የለመደችውን ገላ ነውና የአንቺን ትልመድ። ይህን ስጽፍ የእማዬ አልጋ በአንድ ጎኑ እየቀዘቀዘ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

ቀኑንም በቁጥር አትንገሪያት፤ የአምስት ዓመት ልጅ 84 ቀን አይገባትም። ገና ያልፋል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ የዳዊት ሠርግ ያልፋል፣ ከዚያ አባባ ጋ እንሄዳለን በያት። ስታለቅስ ደግሞ «አያትሽም በኋላ ትመጣለች» ብለሽ አታባብያት። እኛ ያልያዝነውን ለእሷ አንስጣት። በየቀኑ መቼ ነው እያለች ስትጠይቅሽ መልስ ታጪያለሽ፣ እማዬም ትሰማለች። «አያትሽ እዚህ ናት፣ በስልክ ታያታለሽ» ይበቃል።

ሻንጣ ልጆቹ ፊት እስከ መጨረሻው ሳምንት እንዳይከፈት። ዕቃቸውንም እያዩ ለሰው አትስጪ፤ ምድጃው ጥግ ያለችው የቢታንያ በርጩማ እስከምትወጡበት ጠዋት ከቦታዋ አትነሣ። (ከዚያም በኋላ ባትነሣ ደስ ይለኛል።)

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ። ከጤና ጣቢያው የተሰጠው የክትባት ካርድ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው የተሞላው። ቢታንያ በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት የወሰደችው ሐምሌ 6 ቀን 2012 ነው፤ ካርዱ ላይ 6/11/2012 ይላል። የእዚህ ሰው ወርን ከቀን ስለሚያስቀድም ሰኔ 11 ቀን 2012 በፈረንጅ ብሎ ያነበዋል፤ ልጅቷ ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት ማለት ነው! እንዲህ ያለውን አይቆጥሩትም፣ እንደገና ይወጓታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ አስለውጠሽ፣ የወሩን ስም በፊደል አጽፈሽ (ይህኛው ጁላይ 13፣ 2020 ነው) ማኅተም አስደርጊበት። በሜዲካሉ ጊዜ ክሊኒኩ የሰጠሽን የክትባት ወረቀት ደግሞ ከእጅሽ አትለዪው፤ እሱ በፈረንጅ የተሞላ ስለሆነ ትምህርት ቤት ሲጠይቅሽ ዋናው እሱ ነው። እንዲያም ሆኖ በዘጠኝ ወር የተወጋ ኩፍኝ እዚህ አይቆጠርም፤ ከዓመት በኋላ የተሰጠውን ብቻ ነው የሚይዙት። ቢደግሙላቸው አትደንግጪ።

ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርት ላይ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይቆጠራል። ልጆቹ የአባታቸውን አባት፣ ባልሽ የአያቱን፣ አንቺ የአያታችንን ስም ይዛችሁ ስትቆሙ ሦስት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ትመስላላችሁ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር በእጅ ቦርሳሽ ይሁን እንጂ ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ። ኤምባሲው የታሸገ ፖስታ ሰጥቶሽ ከሆነም ማንም እንዳይከፍተው፤ የሚከፈተው እዚህ ሲደረስ ነው።

ሻንጣው ለአንቺና ለቢታንያ ሁለት ሁለት ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፤ የናሆምን ትኬቱ ላይ እይ። ዳር እስከ ዳር አትሙይው፣ የቤት ሚዛንና የኤርፖርት ሚዛን አይስማሙም፤ 22 ላይ አቁሚ። በርበሬና ሽሮ ለየብቻ በድርብ ላስቲክ ታሽገው በልብስ መሀል ይግቡ። ዱቄት በእጅ አትያዢ፤ ወደ አሜሪካ በሚበር አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ቆርቆሮ ለስላሳ ማለት ነው፣ የበለጠ ዱቄት ፍተሻ ላይ ያስቆማል። የናሆም የአጥሚት እህልም ዱቄት ነው፤ ለመንገድ የሚበቃውን ብቻ በትንሽ ዕቃ ያዢ። ቋንጣ በፍጹም አይገባም፣ እማዬ ተደብቃ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከትትብሽ። ቅቤም ተይው፤ እዚህ ገዝተን እናነጥራለን፣ ኮሰረትና ኮረሪማ ብቻ አምጪልኝ። የምግብ ነገር ይዘሻል ወይ ሲሉሽ አዎ በይና የያዝሽውን ተናገሪ። ሳይናገሩ ሲገኝ ነው ቅጣቱ፤ የተናገሩት ቢበዛ ይወሰዳል።

በእጅሽ የሚሆነው፦ 12 ዳይፐር፣ ለናሆም ሁለት ሙሉ ቅያሪ፣ ለአንቺም አንድ (ልጅ ሲያስመልሰው እናቱ ላይ ነው፣ ይህን ሁሉም ይረሳዋል)፣ ኦአርኤስ፣ የፓራሲታሞል ሲሮፕ ከመለኪያው ጋር፣ ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ። የአውሮፕላኑን ምግብ ቢታንያ አትበላውም።

የደብረ ብርሃን ልጅ ብርድ አይፈራም ትይኝ ይሆናል። የዚህ ብርድ ሌላ ነው፣ ግን ካፖርታቸውን በዚህችው ሴት ልኬዋለሁ። መኪና ውስጥ ሲገቡ ካፖርቱ ይውለቅ። እዚህ ልጅ ያለ ልጅ ወንበር መኪና አይሳፈርም፤ ካፖርት እንደለበሰ ከታሰረ ቀበቶው ያጠበቀ ይመስላል እንጂ ላላ ነው። ወንበሮቹን ባልሽ ገዝቷል፣ የናሆም ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚታሰረው። ናሆምን ኩል አትኳዪው፤ ኩሉ እርሳስ ይኖርበታል፣ እዚህ የሕፃናትን ደም ለዚያ ይመረምራሉ። ትምህርቱ ለነሐሴ መጨረሻ ነው የሚሆነው። ሜሪላንድ መዋዕለ ሕፃናት የምታስገባው እስከ ሴፕቴምበር 1 አምስት ዓመት የሞላውን ነው፣ የእኛዋ በ42 ቀን አለፋት። ምንም አይደል፣ ከአንቺ ጋር ትከርማለች።

አሁን የጻፍኩበት ጉዳይ። አንድ ጊዜ በቪዲዮ እያየኋችሁ ቢታንያ የእማዬን የደም ብዛት ክኒን በትንሽ ሲኒ ውሃ ይዛ መጣች፤ እማዬ ዋጠችው፣ ልጅቷ አፏን አስከፍታ አየች። በየማታው እንደዚያ እንደሆነ ያን ቀን ነው የገባኝ። እማዬ ክኒኗን የምታስታውሰው በራሷ አይደለም። የካቲት 4 ማታ ያንን ሲኒ ማን ይይዘዋል?

ባለ ሰባት ክፍል የክኒን ሳጥን ልኬያለሁ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዳዊት ይሙላው። የሚዋጥበትን ሰዓት ከልጅቷ ላይ አንሥተሽ ከማይሄድ ነገር ጋር እሰሪው፤ ለምሳሌ ከማታ ጸሎቷ ጋር፣ ሳጥኑ ከመዝሙረ ዳዊቷ አጠገብ ይቀመጥ። ይህን ከአሁኑ አስጀምሪ፣ ልጅቷ እያለች ይለመድ፤ ስትሄዱ ከተጀመረ አይጸናም። እግሯ ያብጣል ያልሽኝ ክኒኑ ሊሆን ይችላል፤ አምሎዲፒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። ግን በራሷ እንዳታቆመው፤ ለሐኪሟ ይነገር፣ መጠኑን ወይም ክኒኑን ይለውጡላታል። ግፊቷንም በወር አንዴ እትዬ ጽጌ ሲለኩ አብራቸው ትሂድ፤ እሳቸው አይቀሩም።

ዳዊትና ሙሽራይቱ የተከራዩትን ቤት ዓመት ብቻ ቢያዘገዩት ምን ይላቸዋል? እዚያው እማዬ ጋ ቢገቡ? ማዘዜ አይደለም። ሄጄ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አፍ የለኝም። ብቻ ጠይቂልኝ።

ከመጣችሁ በኋላ የሚደወልበትን ሰዓት አስቤበታለሁ። እዚህ በብርዱ ወራት የ8 ሰዓት ልዩነት አለን። ቢታንያ እዚህ ስትተኛ እማዬ ጋ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው፤ የመኝታ ተረቱ በስልክ አይሆንም። ስለዚህ አሁን ቅጂው። በየማታው አንድ ተረት፣ ልጅቷ ታቅፋ እያለች፣ እማዬ ሳታውቅ ቢሆን ይሻላል፤ ካወቀች ድምጿን ታሳምራለች። የደወላችን ሰዓት ግን ልጆቹ እንደነቁ ይሁን፤ እዚህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እማዬ ጋ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ቡናው ሲቀርብ። የእማዬን ጋቢ አንዱን ሳታጥቢ አምጪ። ለልጆቹ ነው። ለእኔም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሴትየዋ ታኅሣሥ 12 ስለምትመለስ የልጆቹን እግር ወረቀት ላይ አቁመሽ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሪና ስደጂልኝ፤ ጫማ እገዛለሁ። የእማዬንም አስምሪልኝ፣ ተቀምጣ ሳይሆን ቆማ፣ ማታ ላይ ካበጠ በኋላ። ለምንድነው ካለችሽ ለሠርጉ ነው በያት።

እህትሽ