ለአቃቂው አረብ ቤት ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለተከበራችሁ የአቃቂ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በሌሎች ክፍለ ከተሞችና በውጭ አገር ለምትኖሩ የሰፈራችን ልጆች፤

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳያባራ ባደረበት ሌሊት፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ማዶ ያለው የጥንቱ የሰፈራችን ሱቅ፣ የአረብ ቤታችን፣ የፊት ጣሪያ ከነበረንዳው መውደቁን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ኮሚቴው ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ በሩን ዘግቶ ስለነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ስለዚህም ፈጣሪን እናመሰግናለን። ቤቱ ግን ከዚያን ሌሊት ጀምሮ ግማሹ ሰማይ ሥር ነው፤ የሸፈንንበት ሸራም ነፋስ በመጣ ቁጥር ይገለጣል። ለሦስተኛ ጊዜ እጃችንን ወደ እናንተ መዘርጋቱ እየከበደን፣ ዝም ማለቱ ደግሞ የባሰ ሆኖብን ይህን ጥሪ ጽፈናል።

ከአደጋው በኋላ «ያዋጣነው ብር የት ገባ?» የሚል ጥያቄ በእድርም በቤተ ክርስቲያን ደጅም ቀርቦልናል። ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ የሰጠው ገንዘብ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። በሁለቱ ዙሮች የተሰበሰበው ገንዘብ በአብዛኛው የዋለው ከመሬት በታች ስለሆነ ለዓይን አይታይም። የአቃቂ ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ በላዩ የቆመ ቤትም በየዓመቱ አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን በቤቱ ዙሪያ የውኃ መውረጃ ቦይ አስቆፈርን፣ የተናጋውን የድንጋይ መሠረት አስጠገንን፣ የጀርባውን ግድግዳ ማገርና ምርጊት አሳደስን። ጣሪያው በወደቀበት ሌሊት እነዚህ ሦስቱ ንቅንቅ አላሉም። ይህን ሥራ ትተን ቆርቆሮ ብንቀይር ኖሮ አዲሱ ቆርቆሮ ዛሬ ከጭቃው ጋር መሬት ላይ ነበር።

የወደቀው ገና ያልደረስንበት የፊቱ ክፍል ነው። ግድግዳው ከዓመታት በፊት ለማሳመር ታስቦ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር። የጭቃ ግድግዳ በጭቃና በኖራ ሲለሰን የጠጣውን እርጥበት መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ያስቀረዋል። ፍርስራሹን ስናነሣ፣ ከውጭ ጠንካራ በሚመስለው ልስን ሥር የጥድ ምሰሶዎቹ እግር እንደ ዱቄት ረግፎ አገኘነው። ልስኑን ቀደም ብለን ልጠን አለማየታችን ይቆጨናል፤ ያን ጊዜ የነበረን ገንዘብ ግን ከጀርባው ግድግዳ አላለፈም።

የቤቱን ታሪክ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሆኖም ወጣቶቻችን «ለአንድ የጭቃ ሱቅ ይህ ሁሉ ለምን?» ሲሉ ስለሰማን ጥቂት እንበል። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ በአቃቂ አልፎ አዲስ አበባ ገባ። በየጣቢያው ዙሪያ ሱቅ ከከፈቱት ነጋዴዎች መካከል የየመን ሰዎች ይገኙበታል፤ አዲስ አበቤ የሰፈሩን ሱቅ «አረብ ቤት» እያለ የኖረውም በእነርሱ የተነሣ ነው። ሰፊው በረንዳ፣ ተጣጣፊው የእንጨት መዝጊያ፣ ከባንኮኒው ኋላ ያለችው የባለሱቁ ጠባብ መኝታ የዚያ ዘመን አሻራ ናቸው። አያቶቻችን በማርትሬዛ ብር፣ ከ1937 ዓ.ም. ወዲህም በአዲሱ የኢትዮጵያ ብር አቡጀዲና ላምባ የገዙት እዚህ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ከደመወዝ እስከ ደመወዝ የሚደርሰው በዚህ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ቤቱ ወደ ቀበሌ ተላለፈ፤ በኋላም የኅብረት ሱቅ ሆኖ ስኳርና ሳሙና በኮታ ያከፋፈለን ይኸው ቤት ነው። በዚያ ሰልፍ ላይ ቆመን ካደግነው አንዳንዶቻችን ዛሬ በኮሚቴው ውስጥ አለን። በባንኮኒው ላይ ሚዛኑ የተቀመጠበት ቦታ ከአገልግሎት ብዛት ጎድጉዷል፤ ባንኮኒውን ከፍርስራሹ ሥር አውጥተን በአንድ አባላችን ግቢ በሸራ ጠቅልለን አኑረነዋል።

ባለሱቁ ሙስሊም ነበሩ፤ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ግን ዱቤ ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ክርስቲያን እንዳልነበረ አባቶቻችን ይናገራሉ። ምጽዋትም ሆነ ሰደቃ ብላችሁ የምትሰጡት ለዚህ ውለታ ምላሽ ይሁንልን።

የቀረን ጊዜ አጭር ነው። ምርጊቱ የሚቦካበት የጤፍ ጭድ ከአውድማ የሚወጣው ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ ጭቃው ለሳምንታት ቦክቶ፣ ተመርጎ፣ በበጋው ፀሐይ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። የበልጉ ዝናብ በየካቲት ከቀደመን ያልደረቀ ምርጊት አይይዝም፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ምሰሶው ቆሞ ጣሪያው መከደን አለበት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንምና ፈቃዱን ይዘናል፤ እርሱን ስንጠብቅ አንድ ሙሉ በጋ እንዳለፈብን ግን ልንሸሽጋችሁ አንወድም። አሁን የሚያስፈልገን ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የሚሸጥ የጥድ ምሰሶና ወራጅ፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ ቆርቆሮ፣ ኖራና የአናጢ ዋጋ ነው። ጭቃውን በደቦ ስለምናቦካ ገንዘብ ያልተረፈው ጉልበቱን ይዞ ይምጣ።

ክፍያን በተመለከተ አደራ እንላለን። ገንዘብ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ፈራሚዎች ሳይፈርሙ አንድ ብር አይወጣም። የሒሳብ ቁጥሩ በእድሩ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ማኅተም አርፎበት ተለጥፏል፤ ርቃችሁ ያላችሁ የእድሩ አባል በሆነ ዘመዳችሁ በኩል አስነብቡት። ማንም ደውሎ ወይም በቴሌግራም ጽፎ «ቁጥሩ ተቀይሯል» ቢላችሁ አትመኑት፤ አልተቀየረም። በእጅ የምትሰጡም ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። የወጪ ሰነዶቹን ማየት ለሚፈልግ ሁሉ ጽሕፈት ቤቱ ዘወትር እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር ክፍት ነው። ደግመን እናሳስባለን፦ ሒሳቡ በእድሩ ስም እንጂ በማንም ግለሰብ ስም አይደለም።

የእድሳት ኮሚቴው፣ አቃቂ