የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ የሐይቅ ዳሯ ጨፌ

ወሎ ውስጥ ያለው፣ ስሙም «ሐይቅ» የሆነው ሐይቃችን የውሃ መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል የሚወርድ ደለልም ሆነ የአረም ዘር እዚሁ ይቀራል። ክበባችን ዘንድሮ ከወንዙ መግቢያ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጨፌ የያዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጨፌዋን የወረሩት ቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም) እና የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ (ላንታና) ናቸው። ውሃ በተኛበት መሃል ቅንጨ አረም አይበቅልም፤ የሚይዘው ከብት የረገጠውንና ሣሩ ተግጦ ያለቀውን ጠርዝ ነው። ነቅሎ መሬቱን ባዶ መተው እንግዲህ በሚመጣው ዝናብ ለአረሙ ማሳ ማለስለስ ይሆናል።

ያስቸገረን የጊዜው ነገር ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት አረሙ ነጭ አበባውን አውጥቶ ይጠብቀናል፤ አንድ ተክል ደግሞ ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል። ያበበውን ዝም ብሎ የሚጎትት ሰው ዘሩን እየበተነ ይሄዳል። በመጀመሪያ ጆንያ ከላይ ይጠለቅለታል፣ አፉ ይታሰራል፣ ከዚያ ከነሥሩ ተነቅሎ እዚያው ደርቆ ይቃጠላል። ይህ አድካሚ ስለሆነ ዋናውን ዘመቻ ወደ በልግ አዛወርነው፤ የወሎ ሰው በልግ ስላለው መቼስ አይጨነቅም። ዝናቡ በጣለ በሦስተኛው ሳምንት ችግኙ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ ይታያል፤ አፈሩም ርጥብ ስለሆነ ሥሩ ሳይበጠስ ይወጣል። ከበቀለ ከአራት ሳምንት ጀምሮ ሊያብብ ስለሚችል «ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር» አይባልም። ማጭድም አይረዳም፤ ከአንገቱ የታጨደ ቅርንጫፍ አውጥቶ ያብባል። ያላበበው ብቻ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይገባል።

አረሙ ቆዳ ያሳክካል፣ ብናኙ ደረት ያፍናል። ጓንትና ረጅም እጅጌ የሌለው አይነቅልም፤ አስም ያለበት ተማሪ ከነፋሱ አቅጣጫ ርቆ መዝገብ ይይዛል። ሲጨረስ የጫማ ጭቃ እዚያው ይራገፋል፤ ዘሩ በጭቃው ይጓዛልና።

የወፍ ቆሎን በገጀራ ቆርጦ መተው ዋጋ የለውም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዙሪያው በዶማ ተቆፍሮ ከነሥሩ ይወጣል። የዓመቱ ትልቁ ስህተታችንም እዚህ ላይ ነው፦ የተቆረጠውን እንጨት ለአጥር ተጠቀምንበት። ርጥብ አፈር የነካው ሥር ሰደደና ሚያዝያ ላይ አጥሩ ቅጠል አወጣ። አሁን አጥሩ የግራር እሾህ ነው።

በተለቀቀው መሬት ላይ ቄጠማ ተከልን። ከደህናው ጨፌ ከነሥሩ ይቆፈርና አምስት ስድስት ቡቃያ ባለው እፍኝ እፍኝ ይከፈላል፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ከአንድ ቦታ ሲሶው ብቻ ይወሰዳል። መጀመሪያ ቅጠሉን ስንዝር አስቀርተን ከርክመነው ነበር፤ ውሃው ሲሞላ ሸፈነውና በሰበሰ። በውሃ ውስጥ ያለው ሥር አየር የሚያገኘው በግንዱና በቅጠሉ በኩል ስለሆነ ጫፉ ከውሃ በላይ መቅረት አለበት። ቀጥሎ የተከልነው ክንድ ያህል ቁመት ተተወለት፤ እሱ ይዟል። ለበዓልና ለቡና ጉዝጓዝ የሚወስዱ እናቶችም ከመሬት ከፍ አድርገው በማጭድ እንዲያጭዱ፣ እንዳይነቅሉ ተነጋግረናል። ፊላ የሚባለውን ረጅም የውሃ ዳር ተክል አልተከልንም፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ከመጣም ቦታ አይለቅም።

ከጣና ደንገል (ታንኳ የሚሠራበትን የውሃ ዳር ተክል) እናስመጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም። ጣና ላይ እምቦጭ የታየው ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከሥር ጋር የሚመጣን አንድ ጭብጥ ጭቃ ማን ያጣራል?

ከጨፌዋ በላይ ባለው የወንዝ ዳርቻ ባሕር ዛፍ እንዳይተከል ተስማምተን ዋንዛና ዶቅማ አፍልተናል። የዶቅማ ዘር ከደረቀ አይበቅልም፤ ፍሬው በተለቀመ በጥቂት ቀን ሥጋው ታጥቦ አፈር በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት ይዘራል። ይህን ሳናውቅ በፀሐይ ያሰጣነው የመጀመሪያው ዘር አንድም አልበቀለም።

ክረምቱ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ አረሙም የሚበረታበት ጊዜ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ተረኞች ስም ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ ዶማው፣ ጓንቱና ጆንያው ከዘበኛው ዘንድ ናቸው።