የጭስ መለኪያውን ሚዛኑ ላይ ትከሉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ኤሌክትሪክ መኪኖች የምታወጧቸውን ዘገባዎች ሳላነብ አላልፍም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ከደገፉት አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን ወለንጪቲ ዳር ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው የጭሳችን ነገር በቤት መኪና እንደማያልቅ ያያል። ከጅቡቲ ጭነው የሚመጡት ተሳቢዎች ከመተሐራ ሜዳ ተነሥተው ዳገቱን ሲይዙ ከኋላቸው ያለውን መንገድ ያጠቁሩታል። ከባሕር ዳርቻ የተነሣ መኪና ሞጆ እስኪደርስ 1,800 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል፤ የሚወጣውም ጭነቱን ይዞ ነው። ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ነው፤ ወደ ውጭ ከምንልከው የምናስገባው እጅግ ይበልጣልና።

31 ዓመት የናፍጣ ፓምፕ ሳስተካክል ኖሬያለሁ። ሰማያዊ ጭስ ካየሁ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው እላለሁ። ጥቁር ጭስ ግን ሞተሩ ሊያቃጥል ከሚችለው በላይ ናፍጣ እየተሰጠው ነው፣ ወይም አየር አጥሮታል። የአየር ማጣሪያው በአፋር አቧራ ሲደፈን፣ ኖዝሉ አርጅቶ ናፍጣውን መርጨት ትቶ ማንጠባጠብ ሲጀምር እንዲህ ይሆናል። ይህ በጥገና ይድናል። የከፋው ሆን ተብሎ የሚደረገው ነው። ፓምፑ ላይ የናፍጣውን ከፍተኛ መጠን የሚወስን፣ ከፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣ ብሎን አለ። ባለንብረቱ «ዳገት ላይ ይደክምብኛል» ብሎ ሲመጣ እሽጉ ይቆረጣል፣ ብሎኑ ይዞራል፣ መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ተጭኖ ይወጣል። ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ ብሎኑ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቦሎው በተለጠፈ ማግስት እንደገና ይከፈታል። ይህን በገዛ እጄ ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፈውም ስለሚከብደኝ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር የመደበው በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። ከእኔ ጋር የሠሩ ልጆች ማታ ሲናፈጡ ከአፍንጫቸው የሚወጣው ጥቁር ነበር። እኛስ ደመወዝ ይከፈለን ነበር። በዳገቱ ዳር ልጇን አዝላ ሽንኩርት የምትሸጠው እናት ግን በዚያ ጭስ ማን ምን ከፈላት?

ባቡሩ መፍትሔ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም አምንበታለሁ። በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ኤሌክትሪኩም ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ መጓጓዣ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጭነት አሁንም የሚመጣው በመኪና ነው። ናፍጣውን ራሱን የሚያመጡልን ቦቴዎች እንኳን ናፍጣ እያቃጠሉ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ተሳቢ መጥቶ በበረሃው መንገድ ሁሉ መሙያ እስኪተከልለት ድረስ ዛሬ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ። የጣሊያኑ ፊያት ስንት ዘመን እንዳገለገለን የማያስታውስ የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህ መኪኖች ለክብደት ቁጥጥር ሚዛን ላይ ይቆማሉ። የጭስ መለኪያ እዚያው ይተከል። መኪናው ማርሽ ሳይገባ ቆሞ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ይረገጣል፤ መሣሪያው ብርሃን ጭሱን ምን ያህል አልፎ እንደመጣ ያነብባል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ባለንብረቱ መኪናው በተመላለሰ ቁጥር የሚለካ ከሆነ የዓመቱን ቀን ጠብቆ ብሎን መመለሱ አያዋጣውም። የወደቀ መኪና 15 ቀን ይሰጠው፤ ካላስተካከለ ቀጣዩን ጭነት አያንሣ። ብሎኑ በልኩ ሲሆን መኪናው ዳገት ላይ ይዘገያል ይሉ ይሆናል። ይዘግይ። በጥቁር ጭስ የሚወጣው እኮ በውጭ ምንዛሪ ገዝተነው ሥራ ሳይሠራ የሄደ ናፍጣ ነው።

ቅጣቱ ሹፌሩ ላይ እንዳይወድቅ ግን አደራ እላለሁ። ፓምፑን ያስከፈተው እሱ አይደለም። ድንበር ላይና ወደብ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ከፊቱ የቆሙት ሞተራቸውን ሳያጠፉ እያደሩ፣ ጋቢናው ውስጥ ተኝቶ ጭሱን የሚምገው እሱና ረዳቱ ናቸው። የቅጣት ደብዳቤ ይጻፍ ከተባለ ለባለንብረቱ ይጻፍ።

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴርና የመንገዶች አስተዳደር ይህን ለመሞከር ቢነሡ ሞጆ ላይ ቢጀምሩት ይሻላል፤ ዳገቱን የወጣ መኪና ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ የሚገኘው እዚያ ነው። የተነካ ብሎን ካልተነካው በምን እንደሚለይ ለሚዛን ሠራተኞቹ ለማሳየት በራሴ ወጪ እመጣለሁ።

ጡረታ የወጣ የናፍጣ ሞተር መካኒክ
አዳማ