ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ እንግሊዝኛ የጽሑፍና የንግግር ፈተና ውጤት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ በሰላም ተጠናቋል፣ የተበላሸው የውሃ መስመርም ተጠግኗል። ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

የእንግሊዝኛ ውጤት ከተሰጠ ወዲህ ቢሮዬ ከቅሬታ አላረፈም። ቅሬታው ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ ማያያዣ ቃላቱን በሙሉ ተጠቅሟል፤ ታዲያ ለምን ተቀነሰበት?» ጥያቄውን አከብራለሁ። ልጆቹ ሊንኪንግ ዎርድስ የሚሏቸውን እነ ሞርኦቨርን፣ እነ ፈርዘርሞርን (ሁለቱም «በተጨማሪ» ማለት ናቸው) ሌሊት ቁጭ ብለው ሲሸመድዱ አይታችኋል። አስጠኚ የቀጠራችሁም አላችሁ። ልፋቱ ከንቱ የቀረ ቢመስላችሁ አይገርመኝም።

ሆኖም ነጥቡ የተቀነሰው ቃላቱ ስለተጻፉ አይደለም። የሚያያይዙት ነገር ስላልነበረ ነው። አንድ ወረቀት ላሳያችሁ፤ የልጁን ስም አልጠቅስም። ጥያቄው «ወደ ሐዋሳ የመጣ እንግዳ የት ትወስዳለህ?» የሚል ነበር። ልጁ ሐይቁ ዳር ያለውን አሞራ ገደልን መረጠ። ጥሩ ምርጫ ነው። የጻፈው በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አለ። ሞርኦቨር አባ ኮዳዎች (ትልልቆቹ ወፎች) አሉ። ፈርዘርሞር ዓሣው ትኩስ ነው። ሃውኤቨር እሁድ እሁድ ከአባቴ ጋር እሄዳለሁ። ኢን ኮንክሉዥን («ለማጠቃለል») ሐይቁ ትልቅ ነው።»

እስቲ ሃውኤቨር («ሆኖም») ያለበትን ቦታ ልብ በሉልኝ። ይህ ቃል የሚገባው ሁለተኛው ሐሳብ የመጀመሪያውን ሲቃረን ነው። እሁድ ከአባት ጋር መሄድ ከዓሣው ትኩስነት ጋር ምን ያጣላዋል? መምህሩ ልጁን ጠርቶ «አባ ኮዳዎቹ እዚያ ምን ይሠራሉ?» አለው። ልጁ ወዲያው መለሰ፦ «አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያጸዱ የሆድ ዕቃውን ይጥሉላቸዋል፤ ለዚህ ነው ሰው የማይፈሩት።» ይኸው፣ ምክንያትና ውጤት በአንድ ትንፋሽ ወጣ! በእንግሊዝኛ ለመጻፍ አንድ ቢኮዝ («ምክንያቱም») ወይም አንድ ሶ («ስለዚህ») ይበቃው ነበር። ሐሳቡ ልጁ ውስጥ ነበረ፤ የሸመደደው የቃላት ዝርዝር ነው የሸፈነበት።

«ልጄ ሁለት ማያያዣ ተጠቅማ አንድም ነጥብ አላገኘችም» ያሉኝ እናትም አሉ። ዓረፍተ ነገሩ በኦልዞው («ምንም እንኳ») ጀምሮ መሐሉ ላይ በት («ግን») ይላል። በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢዘንብም እኛ ግን ሄድን» ብንል ያምርበታል። እንግሊዝኛው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው። መምህሯ ይህን የቀነሰችው ልጅቷን ጠልታ አይደለም።

የንግግር ፈተናውም ያው ነው። «ከትምህርት በኋላ ምን ታደርጋለህ?» ሲባል ፈርስትሊ፣ ሰከንድሊ እያለ የሚቆጥር ልጅ የሚያወራ ሳይሆን የሚያነብ ይመስላል። ቀጣዩ ቃል ሲጠፋው ደግሞ ንግግሩ ጭራሽ ይቆማል። በወሬ መሐል ሶ፣ በት፣ ቢኮዝ፣ ፎር ኤግዛምፕል ከበቂ በላይ ናቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ልጄን ውጭ ልልክ ነው፣ አይኤልትስ ይህን ይፈልጋል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እንግዲያው ውጭ መማር ለሚፈልጉ የሚሰጠውን የዚህን የእንግሊዝኛ ፈተና፣ የአይኤልትስን፣ መመዘኛ እንይ። የጽሑፍ ፈተናው አራት መመዘኛዎች አሉት። ከአራቱ አንዱ የሐሳብ ፍሰትና መያያዝ ነው፤ የውጤቱን 25 በመቶ ይይዛል። እዚያው መመዘኛ ውስጥ ማያያዣ ማብዛት ባንድ 5 ላይ (ባንድ የውጤት ደረጃ ነው፤ ከፍተኛው 9 ነው) እንደ ጉድለት ተጠቅሷል። ባንድ 9 የሚያገኘው ጽሑፍ ደግሞ ማያያዣው የአንባቢን ትኩረት እምብዛም የማይስብ ነው። የንግግሩ መመዘኛም ማያያዣ ማብዛትን ባንድ 5 ላይ አስቀምጦታል። ስለዚህ መምህሮቻችን ከአይኤልትስ የተለየ ነገር አልጠየቁም።

«የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፣ ድርሰት ለምን አስፈለገ?» የሚልም አይጠፋም። ፈተናው ምርጫ መሆኑ እውነት ነው። ግን ለባዶ ቦታ ትክክለኛውን ማያያዣ ምረጡ ሲባል የሚያድነው የሁለቱን ሐሳቦች ዝምድና ማወቅ እንጂ የቃላቱን ዝርዝር በቃል መያዝ አይደለም። ደግሞም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። ቅጠል ለምን እንደሚጠወልግ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ያልቻለ ልጅ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም።

«ሌላ ትምህርት ቤት ለዚሁ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል» ያሉኝም አሉ። በትሕትና ልመልስ፦ ውጤት ከፍ አድርጎ ወላጅን ማስደሰት ለእኛም አያቅተንም። ልጁ ግን ነገ ከማያውቀው ፈታኝ ፊት ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ያኔ እናንተም እኔም አጠገቡ የለንም። እባካችሁ ይህን ተረዱልኝ።

በቴሌግራም የሚዞሩትን የማያያዣ ቃላት ዝርዝሮች ጣሉ አላልኩም። ቃላቱን ማወቅ ጥሩ ነው። የምለምናችሁ ቤት ውስጥ «ስንት ማያያዣ ተጠቀምክ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁ ነው። ይልቅ የጻፈውን ያንብብላችሁና «ለምን?»፣ «ከዚያስ?» በሉት። በአማርኛም ይሁን በሲዳምኛ፣ በቤታችሁ ቋንቋ ይመልስላችሁ። መልሱን ሲያገኝ ማያያዣውን ራሱ ይፈልገዋል። ለዚህ እንግሊዝኛ መቻል አያስፈልጋችሁም።

የተሰጠው ውጤት አይቀየርም። እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት መምህራን አርመውታል፤ ማየት የምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቢሮ መጥታችሁ ከመምህሩ ጋር ማየት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቹ በዚያው ርዕስ እንደገና ይጽፋሉ፤ ውጤቱም ለብቻው ይያዛል። የቃላት ዝርዝር ይዞ መግባት አይፈቀድም።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህር
ሐዋሳ