ደመወዜንም መቀሴንም አልጥልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ሕልም ያለው ሰው ቅጥርን ጥሎ ይውጣ» የሚል ምክር በጋዜጣችሁ ደጋግሜ ስላነበብኩ ነው የምጽፈው። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የግል ባንክ የብድር ክፍል ባለሙያ ነኝ። ማታ ማታና እሑድ ከሰዓት ደግሞ ከእጅ ሸማ ኮት፣ ጃኬትና ቀሚስ እነድፋለሁ፣ እሰፋለሁ። ቅጥሬን ልለቅ አላሰብኩም፤ ምክንያቱን ላስረዳ።

የሸማ ልብስ ንድፍ የሚጀመረው ሸማኔው ጉድጓድ ዘንድ ነው። ጥለት የሚገባው በሽመናው ጊዜ ስለሆነ እጅጌው ጫፍ ላይ ይውጣ ወይስ ደረቱ ላይ፣ አስቀድሞ ለሸማኔው መነገር አለበት። የእጅ ሸማ ወርዱም ጠባብ ነው፤ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ዘርግተው እንዳሻዎ አይቆርጡትም። ሳይታጠብ ከተቆረጠ ደንበኛዋ ባጠበችው ዕለት ይሰበሰባል። መቀስ የነካው ጠርዝ ወዲያው መተርተር ስለሚጀምር እያንዳንዱን ቁራጭ ከመገጣጠሜ በፊት ዙሪያውን ጠርዝ በሚይዘው የስፌት መኪና፣ በኦቨርሎክ፣ አስይዛለሁ። አሁን እጄ ላይ ያለው የሴት ኮት የጎጃም ገበሬ ከሚለብሰው አረንጓዴ ቁምጣና ኮት የተወሰደ ቀለም አለው፤ አረንጓዴው ከማጉ (በአግድም ከሚገባው ፈትል) ጋር ሲገናኝ እንዳይደበዝዝ ብዬ ሸማኔው ናሙናውን እየፈታ እንደገና እንዲሸምን አድርጌያለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሸማኔው ቀብድ ይፈልጋል፣ ፈትል በእጅ በእጅ ነው የሚገዛው፣ ደንበኛ ግን የምትከፍለው ለክታ አይታ ስትወደው ነው። መሀል ያለውን ጊዜ የሚያሻግረኝ ደመወዜ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ጥለት የታተመበት ርካሽ ጨርቅ ገዝቼ ለበዓል በጥድፊያ እየሰፋሁ እሸጥ ነበር፤ የሸማኔዬም እንጀራ በዚያው ይቀር ነበር።

ሁለቱ ሥራዎች አይጋጩም አልልም። የበጀት ዓመቱ በሰኔ ወር ስለሚዘጋ ሰኔን ሙሉ ከቢሮ የምወጣው መሽቶ ነው። ሐምሌ ሲገባ ሸማኔዬ ማሳ ላይ ይውላል፣ የእንቁጣጣሽ ትዕዛዝም የሚመጣው ያኔውኑ ነው። ስለዚህ የአዲስ ዓመቱን ሸማ ሚያዝያና ግንቦት ላይ አሸምኜ አስቀምጣለሁ። እንዲህ አስቀድሞ ማስላትን ያስለመደኝ የብድር ሥራዬ ነው።

የሚከብደኝ ድካሙ ሳይሆን «ዲግሪ ይዘሽ፣ ባንክ ተቀምጠሽ፣ ልብስ ሰፊ ልትሆኚ?» የሚለው የዘመድና የባልደረባ ቃል ነው። አፄ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ንቀቱ ግን ከቡና ጠረጴዛችን አልተነሣም፤ ይህ በእውነት ያሳዝነኛል።

ለባንክ ኃላፊዎች የምለው አለኝ። ሠራተኛ ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራውን ሙያ በጽሑፍ አሳውቆ እንዲሠራ ግልጽ መመሪያ ይውጣ። መመሪያው ጥብቅ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ የሸማኔዬን ወይም የደንበኛዬን የብድር ማመልከቻ እኔ ፈጽሞ እንዳላይ ይከልክለኝ። አሁን ግን ብዙዎቻችን ተደብቀን ነው የምንሰፋው፣ የምንስለው፣ የምንጠርበው፤ ተደብቆ የሚሠራ ሰው ደግሞ ንግድ ፈቃድ ለማውጣትም ይፈራል።

ሌላው ጉዳይ መያዣ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ይፈቅዳል። የስፌት መኪናም ሆነ በመጋዘን ያለ ሸማ ከዚህ አይወጣም። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው መያዣ ግን ዛሬም በአብዛኛው ቤት ነው። ቤት የሌላት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አስይዛ መበደር እንደምትችል የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል፤ ቅርንጫፎች ይህን በአማርኛ ጽፈው በራቸው ላይ ቢለጥፉ ወጪው አንድ ወረቀት ነው።

አንዲት የባንክ ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ
(ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ)