ቡና ሳይጠጡ ይጠብቁኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሐዋሳም ደህና ናት። ዝናቡ እያባራ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ሲሄዱ ደስ ይላል።

ባለፈው በስልክ «ነርስነት ይከብድሻል ልጄ» ብለው ዝም አሉኝ። እኔም መልስ አጥቼ ወሬውን ወደ ጊደሯ አዞርኩት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንልኝም። መነጽርዎን አድርገው ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ትምህርቱ የሚጀምረው መስከረም ሲያልቅ ነው። አራት ዓመት ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ። የመመዝገቢያውን ዕቁቤ ሸፍኖታል፤ ደግነቱ ነሐሴ ላይ ደረሰኝ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በዚህ ወር እለቃለሁ። ስድስት ዓመት የሸሚዝ ኮሌታ ሰፍቻለሁ፣ ይበቃል። ስፌቱን ግን ቤት ውስጥ እቀጥላለሁ፤ የሰፈር ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ ጊደሯን እንዳይሸጧት፣ አደራ።

የመጀመሪያውን የጉበት ክትባትም ተወግቻለሁ። በሽታው በደም ይተላለፋል፤ መርፌ የሚይዝ ሰው ቀድሞ መከተብ አለበት። ሁለተኛው ከወር በኋላ ነው፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር።

ብቻዬን አይደለሁም። ምዝገባ ሰልፍ ላይ ሦስት ሰዎች ተዋውቄያለሁ። አንዷ አሥር ዓመት ጤና ኤክስቴንሽን ሆና የሠራች የሁለት ልጆች እናት ናት። ሌላዋ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነበረች። ሦስተኛው ገና 12ኛን የጨረሰ የዲላ ልጅ ነው። እሑድ እሑድ ታቦር ተራራ ሥር ኤክስቴንሽኗ ቤት እንሰበሰባለን። የአጥንቶቹ ስም በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዲላው ልጅ በወረቀት እየጻፈ ግድግዳው ላይ ለጥፎልናል። ልጆቿ እንኳ ከእኛ ቀድመው ሸመደዱት።

አራታችን አዋጥተን አንድ የግፊት መለኪያና ማዳመጫ ገዛን። ጨርቁን ክንድ ላይ ጠቅልለው ማዳመጫውን ክርን እጥፋት ላይ ያደርጉታል። አጥብቀው ሲነፉት ድምፅ የሚባል የለም። ከዚያ አየሩን ቀስ እያደረጉ ሲለቁት፣ ድንገት ከሩቅ እንደሚመጣ ከበሮ «ዱብ» ይላል። እሱ የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ የሚጠፋበት ደግሞ የታችኛው። የካሸሯን ክንድ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ትንፋሼን ዋጥኩ። 118 በ76። የሰው ልብ በጆሮዬ ገባ፣ አባባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባለፈው እሑድ ያነበብነው አልጋ ላይ ስለዋለ በሽተኛ ነበር። ድምፅ አውጥቼ የማነበው እኔ ነበርኩ። በሽተኛውን በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡ ይላል። አጥንት ፍራሹን የሚጫንበት ቦታ፣ ዳሌው፣ ጅራት አጥንቱ፣ ተረከዙ፣ ደም ስለማይደርሰው ይቆስላል። ተረከዙን ከፍራሹ ከፍ አድርጉ ይላል። አንሶላው አይጨማደድ ይላል። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ።

እማዬን ስትሮክ መትቷት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ካላት በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተኝታለች። እኔ ለእረፍት ስመጣ እዚያው ክፍል መሬት ላይ ነበር የምተኛው። ሌሊት የዚያች አሮጌ ስልክዎ ደወል ስትጮህ እሰማ ነበር። ይነሳሉ። አንድ እጅዎን ከትከሻዋ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌዋ ሥር ያስገቡና «በይ እሜቴ፣ አሁን ወደ ግድግዳው» ይሏታል። ጋቢዎን ጠቅልለው ከጀርባዋ ይወትፉላታል። ያችን ትንሽ ትራስ ከእግሯ ሥር ያደርጋሉ። ከዚያ አንሶላውን በመዳፍዎ ዳበስ ዳበስ አድርገው ያቃኑታል። ሁለት ሰዓት ቆይቶ ደወሏ እንደገና።

ስታርፍ ገላዋን ያጠቡት ሴቶች «ይህን ያህል ተኝታ አንዲት ቁስል የለባትም» እያሉ ሲደነቁ ሰምቻለሁ። ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። እሑድ ዕለት ገባኝ።

ያንን ያሳየችዎ ከሆስፒታል ስትወጡ በር ላይ ያስቆመችዎ ነርስ ናት። «ይምጡ አባቴ፣ አንዴ ላሳይዎ» ብላ አሥር ደቂቃ ያህል ከእርስዎ ጋር ቆመች። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም። እርስዎ ግን የአሥር ደቂቃውን ትምህርት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ሠሩበት። እኔ መሆን የምፈልገው ያችን ሴት ነው። ይከብድሻል ያሉኝ እውነት ነው። ክብደቱን ግን ቤታችን አይቼዋለሁ፤ ሳላውቀው አልገባሁበትም።

አክስቴ ደግሞ «በዚህ ዕድሜሽ የሰው ቁስል ልትጠርጊ ነው?» ብላኛለች። አልተቀየምኳትም። ግን ይህን ይንገሩልኝ። እርስዎ ወታደር ሳሉ የታከሙበት የጦር ኃይሎች ሆስፒታል መጀመሪያ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሠራ ነው። የጃንሆይ ልጅ ናቸው። በስደት እንግሊዝ አገር ሳሉ የተማሩት ነርስነት ነው። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ፣ ሆስፒታሉም መታሰቢያቸው ሆነ። የንጉሥ ልጅ ያልናቁትን እኔ ልንቀው?

አንድ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። የግፊት ክኒንዎን ትተዋል አሉኝ። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ። «ምንም አይሰማኝ፣ ለምን እውጣለሁ» ብለዋል። አባባ፣ ግፊት እኮ አይሰማም። እማዬም አልተሰማትም። የወደቀች ዕለት ጠዋት እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ ነበር። ክኒኑ ግፊቱን ይዞ ያቆየዋል እንጂ ነቅሎ አይጥለውም፤ ሲተዉት ተመልሶ ይወጣል። በነገው ዕለት ጤና ጣቢያ ሄደው ማቆምዎን ሳይደብቁ ይንገሯቸው፣ እነሱ ያስጀምሩዎታል። ቡናው ላይ የሚነሰንሷትንም ጨው ይተዉልኝ። እማዬን አገላብጠው ያኖሩ እጆች ናቸው፤ እነሱን ስትሮክ እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

ቅዳሜ ይርጋለም እመጣለሁ። መለኪያውን የመያዝ ተራው የእኔ ስለሆነ ይዤው ነው የምመጣው። ከመለካቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣም። አምስት ደቂቃ ደግሞ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን መሬት አስነክተው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ቡና ሳይጠጡ ይጠብቁኝ። ለክቼዎት ስጨርስ እኔው አፈላለሁ፤ ያለ ጨው።

ልጅዎ
ከሐዋሳ