አባትየው ያላስጨረሰው ንግግር

ልጄ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። ወዲያው ልደውልልህ ነበር፤ ግን በስልክ የምለው ተቆራርጦ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ይኼ ነገር ተረጋግተህ፣ ደጋግመህ እንድታነበው ስለምፈልግ ጻፍኩልህ።

ያደረግከውን ነግረኸኛል፤ እዚህ አልደግመውም፣ በኔና ባንተ መካከል ይቅር። ይበልጥ ያስጨነቀኝ መጨረሻ ላይ የጻፍከው ነው። «እማዬ፣ እኔ እኮ ምንም የማልረባ ሰው ነኝ። ለመጸለይ እንኳ ፊት የለኝም። መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል፣ ከዚያ እመለሳለሁ» ብለሃል።

በደልህን አላቃልልህም። «ሁሉም ሰው ያደርገዋል፣ እርሳው» የሚልህ ጓደኛ አይጠፋም። እኔ ግን እናትህ ነኝ፤ እውነቱን ልንገርህ። ያደረግከው ኃጢአት ነው። ሰው ተጎድቶበታል። ሕሊናህ የወቀሰህም ሥራውን ስለሠራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስም በዚህ ጉዳይ አያባብልም። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ «ሁሉ ኃጢአትን ሠርተዋልና የእግዚአብሔርም ክብር ጎድሎአቸዋል» ይላል። ከሁሉ ውስጥ ራሱንም አያወጣም። በምዕራፍ 7 ላይ የሚወደውን በጎ ነገር ትቶ የሚጠላውን ሲያደርግ ራሱን ያገኘዋል። ከዚያ «እኔ ምንኛ ጎስቋላ ሰው ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ይህን የጻፈው ሐዋርያ ነው እኮ።

የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስን ታስታውሰዋለህ። በ16 ዓመቱ ከጓደኞቹ ጋር በሌሊት ሄዶ የሰው ዛፍ አራግፎ ፍሬ ሰረቀ። አልራበውም ነበር። ቤቱ ከዚያ የተሻለ ፍሬ ነበረው። የሰረቁትን አብዛኛውን ለአሳማ ጣሉት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጳጳስ ሆኖ፣ ይህችን ትንሽ የምትመስል ነገር አንስቶ ብዙ ይጽፍባታል። ያስደነገጠው የፍሬው ዋጋ አልነበረም። ክፋቱን ራሱን ወድዶት እንደነበር ነው ያየው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ዝም እላለሁ። ኃጢአት ካለማወቅ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ምክርና ትምህርት ይበቃን ነበር። ግን እያወቅን እናደርገዋለን። አንተም እያወቅክ ነው ያደረግከው፤ ራስህ ጽፈህልኛል።

በዚያው ዘመን ጴላግዮስ የሚባል አስተማሪ ነበር። ሰው ከልቡ ከፈለገ በራሱ ፈቃድ ከኃጢአት ርቆ መኖር ይችላል ይል ነበር። አውግስጢኖስ አጥብቆ ተከራከረው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ418 በሰሜን አፍሪካ በካርቴጅ ከተማ የተሰበሰቡ ጳጳሳትም ትምህርቱን አወገዙት። ለምን ይህን አነሳሽ ትለኝ ይሆናል። የጴላግዮስ ሐሳብ ሲሰሙት የሚያበረታ ይመስላል። ለወደቀ ሰው ግን ምን ይለዋል? «ትችል ነበር፣ አልፈለግክም። በል አሁንም በርታ» ብቻ ነው የሚለው። አንተ «መጀመሪያ ራሴን ላስተካክል» ስትል ለራስህ የምትነግረው ይህንኑ ነው። ራስህን ማስተካከል ብትችልማ ኖሮ እዚህ ባልደረስክ ነበር።

ኃጢአተኛ ነኝ ማለትህ እውነት ነው። «የማልረባ ነኝ» ማለትህን ግን አልቀበልህም። እግዚአብሔርም አላለውም። ኦሪት ዘፍጥረትን ከመጀመሪያው አንብበው። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ የሚለው ምዕራፍ 1 ላይ ነው፤ ውድቀቱ የሚመጣው ምዕራፍ 3 ላይ። ከዚያ ምድር በክፋት ተሞላች፣ የጥፋት ውኃ መጣ። ውኃው ከጎደለ በኋላስ? ምዕራፍ 9 ላይ እግዚአብሔር የሰውን ደም ማፍሰስ ሲከለክል ምክንያቱን ይናገራል፦ ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና። ያ ሁሉ ኃጢአት አልፎ እንኳ ይህን ቃል አላነሳውም። ያዕቆብም በመልእክቱ አንደበታችንን ሲወቅስ፣ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠሩትን ሰዎች እንዴት ትረግማላችሁ ይላል። ራስህን ስትረግምም ያው ነው፣ ልጄ።

ደግሞ ክርስቶስ መቼ እንደሞተልህ አስብ። «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአል» ነው የሚለው ጳውሎስ። ያቺን «ገና» የምትለውን እለፋት ብትባል እንኳ አትለፋት። ከተስተካከልን በኋላ አላለም።

አሁን ወደ ጠፋው ልጅ ልምጣ። ሉቃስ 15ን ከልጅነትህ ጀምሮ ሰምተኸዋል፤ ስለ ሰማኸውም ሳታየው ያለፍከው ነገር ያለ ይመስለኛል። ልጁ የአባቱን ሀብት ተካፍሎ ሄዶ ካባከነ በኋላ፣ እሪያ እየጠበቀ ለአባቱ የሚለውን ያዘጋጃል። «አባቴ ሆይ፣ በሰማይና በፊትህ በደልሁ፤ ወደ ፊትም ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ»። ደመወዝተኛ ሆኜ ልኑር ነው ያለው። ሠርቼ ልብላ፣ ያለ ሥራዬ ምንም አትስጠኝ። ሲሰሙት ትሕትና ነው። ውስጡ ግን ልጅነት የሚገኘው በሥራ ነው የሚል ሐሳብ አለ። በሥራ የተገኘ ከሆነ በጥፋት ይጠፋል፣ ስለዚህ ጠፍቶብኛል ብሎ ደምድሟል።

ከዚያ ተነስቶ መጣ። ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው፣ አዘነለት፣ ሮጠ፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ልብ በል፤ ልጁ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም። ከተሳመ በኋላ ያዘጋጀውን ንግግር ጀመረ። በደልሁ አለ። ልጅህ ልባል አይገባኝም አለ። ከዚያ በኋላ ግን የሞያተኛውን ነገር አልደረሰበትም። አባትየው ወደ ባሪያዎቹ ዞሮ ከሁሉ የተሻለውን ልብስ አምጡ፣ ቀለበት ለእጁ፣ ጫማ ለእግሩ ብሎ አዘዘ። በደልሁ ሲል ሰምቶታል፤ አልከለከለውም። ደመወዝተኛ አድርገኝ የሚለውን ግን አላስጨረሰውም።

እንደ እናት ስናገር፣ ይህ አባት ይገባኛል። አንተ ስትወለድ ለኔ ምን ሠርተህ ነበር? ምንም። ልጄ የሆንከው ሳትሠራ ነው። ዛሬ መጥተህ «በቤትሽ ተከራይ ልሁን» ብትለኝ የምትጎዳኝ እንጂ የምታከብረኝ አይምሰልህ።

ታላቅየውን ልጅም አትርሳው። እሱ ከቤት አልወጣም፤ ግን «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» እያለ ይቆጥራል። እሱም ደመወዝ ነበር የሚያስበው። አንዱ አጥፍቻለሁና አይገባኝም አለ፣ ሌላው ሠርቻለሁና ይገባኛል አለ። ሁለቱም አባታቸውን አላወቁትም። ወደፊት ሕይወትህ ሲስተካከል ይህኛው እንዳይጠልፍህ ከአሁኑ እነግርሃለሁ።

«ታዲያ ጸጋ ከሆነ ምን ቸገረኝ?» እንደማትል አውቃለሁ። ቢሆንም የቀራጩን፣ የግብር ሰብሳቢውን የዘኬዎስን ታሪክ ቅደም ተከተል ተመልከት። ዘኬዎስ ገና ዛፍ ላይ እያለ ኢየሱስ ጠራው፣ ቤትህ እውላለሁ አለው። ሰው ሁሉ አንጎራጎረ። ዘኬዎስ ግማሽ ሀብቴን ለድሆች፣ ያታለልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ በል ተብሎ አልነበረም። የወደደው ሰው ቤቱ ስለገባ እጁ ተፈታ። የኤፌሶን መልእክትም በምዕራፍ 2 ላይ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ካለ በኋላ፣ ወዲያው ለመልካም ሥራ ተፈጠርን ይላል። ሥራው ይከተላል እንጂ አይቀድምም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምንሃለሁ። ዛሬውኑ ጸልይ። ቃል ካጠረህ በቤተ መቅደስ የጸለየውን የሌላኛውን ቀራጭ ጸሎት በል፦ «አምላክ ሆይ፣ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ»። ጌታ ይህን ሰው ጻድቅ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ ብሎለታል። ሌላ አትጨምርበት። ከዚያ ደግሞ የጎዳኸውን ሰው ፈልገህ አግኘው። ምክንያት ሳትደረድር አጥፍቻለሁ በለው፣ የወሰድከውንም መልስለት። ይቅር ላይልህ ይችላል፤ እሱ መብቱ ነው፣ አትጫነው። ብቻህን መሄድ ከከበደህ ንገረኝ፣ አብሬህ እሄዳለሁ።

እሁድ እደውልልሃለሁ። ስልክህን አንሳ።

እናትህ